የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ካታሊስት ሳይደፈን ለምን ይሞታል?

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በቅርቡ የመኪናዬ የሞተር መብራት በርቶ አልጠፋ ስላለኝ ወደ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ከማርሚታው በፊት የሚገኘውን፣ እነሱ ካታሊስት የሚሉትን፣ የጭሱን መርዛማ ጋዝ የሚቀንሰውን ዕቃ ፈትቶ አወጣና ወደ ፀሐይ አዙሮ አሳየኝ። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ነው፤ ቀዳዳዎቹ አንድም አልተደፈኑም፤ ብርሃን ከወዲያ ወዲህ ያሳልፋሉ። እሱ ግን «ይኼ ሞቷል፤ ነዳጁ ነው የገደለው» አለኝ። በዓይን የማይታይ ይህን ያህል ጥቂት ባዕድ ነገር እንዴት አንድን ካታሊስት ሙሉ በሙሉ ሊገድል ይችላል? ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጄን ብጠይቃት «የሁነት ሽግግር ነው» ብላ መለሰችልኝ። እኔ የሁነት ሽግግር የማውቀው በረዶ ሲቀልጥና ውኃ ሲተን ነው። ነገሩን ቢያብራሩልኝ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ልጅዎ ትክክል ብላለች። እኔም ጥያቄዎን በደስታ የተቀበልኩት ከጋራዡ ወለል ተነስቶ እስከ ዘመናዊው ስታቲስቲካዊ ፊዚክስ የሚዘልቅ ስለሆነ ነው። መልሱ በአጭሩ፣ ባዕዱ ነገር ካታሊስቱን ለመግደል ገጹን በሙሉ መሸፈን አያስፈልገውም የሚል ነው፤ አጸግብሮቱ (ኬሚካላዊ ውህደቱ) ያለ እነሱ የማይሆንለትን ጥንድ ክፍት ቦታዎች መበጣጠስ ይበቃዋል። ለምን እንደሆነ ግን ዘርዘር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

መካኒኩ ያሳየዎት የማር እንጀራ መሰል ነገር ሴራሚክ ነው። በግድግዳዎቹ ላይ ሸካራ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ተቀብቶ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ጥቂት ግራም የሚሆኑ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በደቃቅ ቅንጣት መልክ ተበትነዋል። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሆነው በእነዚህ ቅንጣቶች ላይ ነው። ሥራውን የሚሠራው የብረቱ ውፍረት ሳይሆን ውጫዊው የአቶሞች ንጣፍ ብቻ ስለሆነ፣ «ጥቂት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትርጉሙ ይለወጣል። በሚዛን የማይነሳ ባዕድ ነገር ለአንድ የአቶም ንጣፍ ብዙ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ መቀመጫ በመንጠቅ የታወቀ ጋዝ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድደው የሚተኙ ሰዎችን የሚገድለው በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ስለሚጣበቅ ነው። ፕላቲነም ላይም የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው፤ ገጹን ቀድሞ ከያዘ ኦክስጅን መቀመጫ ያጣል። ይህን ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ አሜሪካዊው ኬሚስት ኧርቪንግ ላንግሚውር አስረድቶታል። በገጽ ላይ የሚካሄድ ኬሚስትሪ ለላንግሚውር በ1932፣ ለጀርመናዊው ጌርሃርድ ኤርትል ደግሞ በ2007 የኖቤል ሽልማት ያስገኘ የትምህርት ዘርፍ ነው።

አሁን ወደ «የሁነት ሽግግር» ልመለስ። አዳማ ላይ ጀበና ሲጣድ ውኃው 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይፈላል። 90 ዲግሪ ላይ ያለ ውኃ ከ80 ዲግሪው በአሠራሩ ብዙም አይለይም፤ ሁለቱም ውኃ ናቸው። የመፍያውን ነጥብ ሲነካ ግን በትንሽ ለውጥ ምክንያት መላ ጠባዩ ይለወጣል። የፊዚክስ ሰዎች የሁነት ሽግግር የሚሉት ይህን ነው፦ አንድን መቆጣጠሪያ በጥቂቱ ስታንቀሳቅሰው መላው ሥርዓት በአንድ የታወቀ ነጥብ ላይ ሌላ ሲሆን። ለካታሊስት ገጽ መቆጣጠሪያው የሙቀት መጠን ብቻ አይደለም፤ በሚመጣው ጋዝ ውስጥ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ድርሻም ነው። ከውኃ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር ግን አለ። የተዳፈነ ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃና እንፋሎት ተመዛዝነው ይኖራሉ፤ ካታሊስቱ ላይ ግን ጋዝ ያለማቋረጥ ይገባል፣ ውጤቱ ያለማቋረጥ ይወጣል፤ ቀጥሎ በምናየው ሞዴል ውስጥ ደግሞ ገጹ አንዴ ከሞላ መመለሻ የለውም።

ይህን በጥራት ያሳየው ሞዴል በ1986 የወጣ ሲሆን፣ የሠሩትም በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮበርት ዚፍ፣ ኤርዶጋን ጉላሪ እና ዮአቭ ባርሻድ ናቸው። ሞዴሉ እጅግ ቀላል በመሆኑ ለተማሪዎችዎ በዳማ ሰሌዳ ሊያሳዩዋቸው ይችላሉ፤ እኔ ራሴ ከወንድሜ ልጆች ጋር ሁለት ከሰዓቶችን ፈጅቼበታለሁ፣ አልቆጨኝምም። 64ቱን ካሬዎች ቁጥር ይስጧቸውና ከ1 እስከ 64 የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች በጣሳ ይክተቱ። ሽምብራ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሁን፤ ምስር የኦክስጅን አቶም ይሁን። በየተራው አንድ ቁጥር ይወጣል፣ ሳንቲም ይጣላል። ሰው ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ መጥቷል ማለት ነው፤ ካሬው ባዶ ከሆነ አንድ ሽምብራ ይቀመጣል። ጎፈር ከሆነ የመጣው ኦክስጅን ነው፤ የኦክስጅን ሞለኪውል ሁለት አቶሞች ስላሉት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ባዶ ካሬዎች ይፈልጋል፤ የወጣው ካሬና በዕጣ የተመረጠው ጎረቤቱ ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ሁለት ምስር ይቀመጣል፣ ካልሆነ ኦክስጅኑ ተመልሶ ይሄዳል። ሽምብራና ምስር በፊት፣ በኋላ፣ በግራ ወይም በቀኝ ከተጎራበቱ ወዲያው ተዋህደው ከሰሌዳው ይነሳሉ። ወረቀቱ ወደ ጣሳው ይመለሳል። ሕጉ ይህ ብቻ ነው።

በሳንቲም ሲጫወቱ፣ ማለትም የካርቦን ሞኖክሳይድ ድርሻ ግማሽ ሲሆን፣ ሰሌዳው ሕያው ነው፤ ሽምብራና ምስር ይመጣሉ፣ ይነሳሉ። ሳንቲሙን ትተው በሦስት ዕጣ ያድርጉትና ሁለቱን ዕጣ ለሽምብራ ይስጡ። አሁን ድርሻው ከሦስት ሁለት ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎችዎ ከመጀመራቸው በፊት እንዲገምቱ ቢጠይቋቸው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም የኬሚስትሪ ትምህርታቸው ያሳስታቸዋል። ሁለት ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአንድ ኦክስጅን ጋር ሁለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ እኩልነቱ የተመጣጠነው ከሦስት ሁለት ላይ ስለሆነ፣ አጸግብሮቱ ከሁሉ የሚያምረው እዚያ ላይ ይመስላል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሰሌዳው ብዙም ሳይቆይ በሽምብራ ተሞልቶ ይቆማል። ምክንያቱ የመቀመጫው ጉዳይ ነው፤ ሽምብራ በየትኛውም ነጠላ ክፍት ቦታ ይገባል፣ ምስር ግን ጥንድ ካላገኘ አይገባም፤ ሰሌዳው እየሞላ በሄደ ቁጥር ነጠላ ቦታ ይገኛል፣ ጥንድ ቦታ ግን ይጠፋል። አንዱን ዕጣ ብቻ ለሽምብራ ሲሰጡ ደግሞ ሰሌዳው ቀስ በቀስ በምስር ይታፈናል።

ሰሌዳውን በጣም አስፍቶ በኮምፒውተር የሠራ ሰው ሁለት ድንበሮችን ያገኛል። በ1986ቱ ስሌት የካርቦን ሞኖክሳይድ ድርሻ ከ0.389 በታች ከሆነ ገጹ በኦክስጅን ይመረዛል፣ ማለትም ተሞልቶ ይቆማል፤ ከ0.525 በላይ ከሆነ በካርቦን ሞኖክሳይድ ይመረዛል፤ አጸግብሮቱ የሚኖረው በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ መስኮት ብቻ ነው። ሁለቱ ድንበሮች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የታችኛው እንደ ተዳፋት ነው፤ ወደ እሱ ሲቀርቡ አጸግብሮቱ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ዜሮ ይሆናል፤ የሚከተለውም ሒሳባዊ ሕግ ወረርሽኝ ሊጠፋ ሲል ከሚከተለው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የላይኛው ግን ገደል ነው። ዋናው ነገር እዚህ አለ፦ በዚህ ሞዴል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ምርት ከታችኛው ድንበር ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ ከፍተኛ የሚሆነው ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ አንድ እርምጃ ሲያልፍ ወደ ዜሮ ይወድቃል። በሚገባ የሚሠራ ገጽና የሞተ ገጽ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው።

አሁን ባዕዱን ነገር እናስገባ። ለዚህ የዳማው ቆርኪ ይሁነን። ቆርኪ ከማንም ጋር አይዋሃድም፤ ዝም ብሎ ካሬውን ይይዛል። በሰሌዳዎ ላይ 64 ነጠላ ካሬዎች አሉ፤ ጎን ለጎን የሚገናኙትን ጥንዶች ቢቆጥሩ ደግሞ 112 ያገኛሉ። ከዳር ራቅ ባለ ካሬ ላይ አንድ ቆርኪ ቢያስቀምጡ የሚጠፋው ነጠላ ቦታ አንድ፣ የሚጠፉት ጥንዶች ግን አራት ናቸው፤ 1.6 በመቶ ገደማ የሚሆነው መቀመጫ ሲያዝ 3.6 በመቶ ገደማ የሚሆነው የኦክስጅን ዕድል ይዘጋል። ስድስት ቆርኪዎችን አራርቀው ቢያስቀምጡ ለካርቦን ሞኖክሳይድ የተዘጋበት ከአሥር አንድ አይሞላም፤ ለኦክስጅን የተዘጋበት ግን ከአምስት አንድ ይበልጣል። ባዕዱ ነገር ለማንም ሳያዳላ ቢቀመጥም፣ ጉዳቱ ጥንድ ፈላጊው ላይ ይበረታል። በዚህም ምክንያት ገደሉ ካለበት ቦታ ወደ ዝቅተኛው የካርቦን ሞኖክሳይድ ድርሻ ይጠጋል። ትናንት ከአፋፉ ወዲህ የነበረ ገጽ፣ የሚመጣው ጋዝ ሳይለወጥ፣ ራሱም ሳይንቀሳቀስ፣ ገደሉ መጥቶበት ይወድቃል። «ይህን ያህል ጥቂት ነገር እንዴት ይገድላል?» ላሉት ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው።

ቆርኪዎቹ ሲበዙ አንድ ሌላ ነገር ይመጣል፤ እኔ ከሁሉ የሚማርከኝ እሱ ነው። ባዕዳኑ በዘፈቀደ ስለሚበተኑ አንዱ ሰፈር ንጹሕ ይቀራል፣ ሌላው ሰፈር ይጨናነቃል። የተጨናነቀው ሰፈር ቀድሞ ሲወድቅ ንጹሑ ገና ይታገላል፤ ስለዚህ ገደሉ መዘርዘርና ወደ ተዳፋት መለወጥ ይጀምራል። እንደ ሰሌዳ ባለ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ በቦታቸው የረጉ እንከኖች ድንገተኛ ሽግግርን እንደሚያለዝቡ በሲሙሌሽንም (በኮምፒውተር በሚሠራ የማስመሰል ሙከራ) በንድፈ ሐሳብም ታይቷል። ጥቂት ባዕድ ገደሉን ያስጠጋል፤ ብዙ ባዕድ ገደሉን ራሱን ይንደዋል።

የመካኒኩን ፍርድ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ካታሊስትን በመመረዝ ቀዳሚው ስመ ጥር በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ነው፤ በአሜሪካ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ካታሊስት የተገጠመላቸው መኪኖች እርሳስ አልባ ቤንዚን እንዲጠቀሙ የተገደዱት በዚህ የተነሳ ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ 2006 መጀመሪያ አቁመዋል፤ ለመኪና መሸጥ ያቆመችው የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ስትሆን ይኸውም በ2021 ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚጠረጠሩት ሌሎች ናቸው፦ በነዳጅ ውስጥ ያለ ድኝ፣ እንዲሁም የሞተር ዘይት ሲቃጠል የሚመጡ ፎስፈረስና ዚንክ። መኪናዎ ዘይት የምትበላ ከሆነች፣ ማለትም በየጊዜው ዘይት የሚጨምሩላት ከሆነ፣ ነዳጁን ከመውቀስዎ በፊት ሞተሩን ያስፈትሹ። ሞተሩ ሳይስተካከል አዲስ ካታሊስት ቢገጠም እሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ሞዴሉ ያልያዘውንም መናገር አለብኝ። በእውነተኛ ፕላቲነም ላይ የኦክስጅን መመረዝ አይታይም፤ በኦክስጅን የተሸፈነ ገጽ ካርቦን ሞኖክሳይድን ማስገባቱን አያቆምም፣ ተቃራኒው ግን እውነት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድም እስከ መጨረሻው ተጣብቆ አይቀርም፤ ብረቱ ሲሞቅ ይላቀቃል። ጠዋት የተነሳ መኪና ጭሱ የሚከፋው ቀዝቃዛው ገጽ በካርቦን ሞኖክሳይድ ተይዞ ስለሚቆይም ነው፤ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መቀመጫዎች ይለቀቃሉ፣ ካታሊስቱም ይነሳል። በሞዴሉ ውስጥ ይህ መላቀቅ ሲጨመር፣ ገደሉ እየጠበበ ሄዶ በአንድ ነጥብ ላይ ያበቃል፤ በ374 ዲግሪ ላይ በውኃና በእንፋሎት መካከል ያለው ልዩነት እንደሚጠፋው ማለት ነው። ልጅዎ «የሁነት ሽግግር» ስትል ያነጻጸረችው ስም ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ነጥቦች የሚከተሉት ሒሳብ አንድ ቤተሰብ ነው።

ጥያቄ፦ እኔም የምጽፈው ከአዳማ ነው፤ የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ይህንኑ የ1986 ሞዴል በ64 በ64 ፍርግርግ ላይ ፕሮግራም ጽፌለት ከሚመጣው ጋዝ ከመቶ አንዱን ባዕድ አድርጌያለሁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ድርሻ 0.5 ነው፤ በመስኮቱ ውስጥ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ባስኬድኩት ቁጥር ገጹ ይሞታል። ፕሮግራሜ ተሳስቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። ከላይ የተናገርኩት ቀድሞውኑ ገጹ ላይ ስለረጋ ባዕድ ነው፤ የእርስዎ ባዕድ ግን ከጋዙ ጋር ያለማቋረጥ ይመጣል። ከተቀመጠ በኋላ የማይነሳ ከሆነ መሞቱ የማይቀር ነው። ያስሉት፦ በአንድ ዙር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ካሬ በአማካይ አንድ ሙከራ ሲደርስ፣ 4,096 ሙከራዎች አሉ፤ ከእነዚህ 41 ያህሉ ባዕድ ናቸው። ከገጹ ሲሶው ባዶ ነው ብንል በየዙሩ 14 ያህል መቀመጫዎች ለዘለዓለም ይያዛሉ። ባዶው እየቀነሰ ሲሄድ ፍጥነቱ ቢረግብም መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ስለሆነ፣ ድርሻው ከመቶ አንድ ይሁን ከሺህ አንድ የሚለውጠው የሞቱን ቀን እንጂ ሞቱን አይደለም። እርሳስ በካታሊስት ላይ የሚያደርገው ይህን ይመስላል።

ሊያጠኑት የሚገባው፣ በኔ አስተያየት፣ የሚላቀቅ ባዕድ ነው፤ ድኝ ለዚህ ይቀርባል፣ ገጹ በጣም ሲሞቅ በከፊል ይለቃልና። በፕሮግራሙ ላይ የተቀመጠ ባዕድ በተወሰነ ዕድል እንዲነሳ የሚያደርግ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ ያልጠበቁት ነገር ያያሉ። የታችኛው ድንበር፣ በኦክስጅን የመመረዙ ተዳፋት፣ ይጠፋል። ምክንያቱን በዓይነ ሕሊናዎ ይከተሉት፦ ገጹ በኦክስጅን ሊታፈን ሲል የሚቀሩት ነጠላ ቀዳዳዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹን ባዕድ ይይዛቸዋል። ባዕዱ ሲነሳ ነጠላ ቦታ ይከፈታል። ኦክስጅን በነጠላ ቦታ መግባት አይችልም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ይገባል፣ ዙሪያውንም ኦክስጅን ስለከበበው ወዲያው ተዋህዶ ይሄዳል፣ በስፍራውም ሁለት የተጎራበቱ ክፍት ቦታዎች ይተዋል። ስለዚህ ሊሞት የነበረው ገጽ በባዕዱ መነሳት እንደገና ይቀሰቀሳል። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተሞላ ገጽ ላይ ግን የተከፈተውን ነጠላ ቦታ የሚወስደው ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ የላይኛው ገደል ባዕዱ ካልበዛ በስተቀር ገደል እንደሆነ ይቆያል። አንዱ ባዕድ በአንደኛው ጫፍ አዳኝ፣ በሌላኛው ጫፍ ጎጂ መሆኑ የዚህ ሞዴል ውበት ነው ብዬ አምናለሁ።

ገደሉን ሲለኩ ይጠንቀቁ። ከአፋፉ አጠገብ ገጹ ሕያው መስሎ ረጅም ጊዜ ቆይቶ በድንገት ሊወድቅ ስለሚችል፣ አንድ ጊዜ ከባዶ ገጽ፣ አንድ ጊዜ በካርቦን ሞኖክሳይድና በባዕድ ከተሞላ ገጽ ጀምረው ሁለቱን ያወዳድሩ፤ ውጤቱ እንደ አነሳሱ ከተለያየ ገደሉ አጠገብ ነዎት። ፍርግርጉንም ያስፉት፤ ትንሽ ገጽ ባዕድ ባይኖርበት እንኳ በአጋጣሚ ብቻ ሊሞት ይችላል። ባዕዱን ሲጨምሩ ከማን ድርሻ ላይ እንደሚቀንሱ፣ ከኦክስጅን ይሁን ከሁለቱም፣ አስቀድመው ወስነው በጽሑፍዎ ላይ በግልጽ ያስፍሩ፤ ይህ ካልተነገረ ቁጥሮችዎን ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

ከሁሉ አስቀድመው ግን የባዕዱን ድርሻ ዜሮ አድርገው፣ የፍርግርጉን ዳሮች እርስ በርሳቸው አገናኝተው ያስኪዱት። ድንበሮቹ 0.387 እና 0.526 አካባቢ ከወጡልዎት፣ እነዚህ ከ1986 በኋላ በትላልቅ ፍርግርጎች ተጣርተው የተገኙት ቁጥሮች ስለሆኑ፣ ፕሮግራምዎ ጤነኛ ነው፤ ባዕዱን ያስገቡበት።